ከጥዶቹ መካከል ያለው ክብ ቤት

ቢቸና ውስጥ ስልክ የምጠግንበትና ፎቶ ኮፒ የማነሳበት አንድ ክፍል ሱቅ አለኝ። ስፋቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ በሦስት ሜትር ከአሥር ነው። ይህን የጻፍኩት የቆምኩበትን ሁሉ የመለካት አመል ስላለብኝ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጣው ከዚሁ አመል ነው።

ካርታ መሥራት ያስተማረኝ ሰው የለም። ማንም ገብቶ የሚጨምርበትና የሚያርመው ነፃ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ከሥር የሳተላይት ምስል አለ። ከላዩ ላይ መንገዱን በመስመር ታወጣለህ፣ የቤቱን ጣሪያ ዳር ዳሩን ተከትለህ ትስላለህ፣ ምን እንደሆነ ትጽፍና ታስቀምጣለህ። በማግስቱ የትም አገር ያለ ሰው ያየዋል። ያን ጊዜ ቢቸና በካርታው ላይ አንድ መንገድና አንድ ነጥብ ነበረች። የውስጥ መንገዶቹን፣ ትምህርት ቤቶቹን፣ ገበያውን፣ ጤና ጣቢያውን ከሥራ በኋላ እየዞርኩ በጥቂት ወራት ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ የሌላ አገር ሰዎች በዚሁ ካርታ ላይ ምን እንደሚሠሩ ማየት ጀመርኩ። አንዳንዶቹ በድሮ ባለጸጎች የአትክልት ቦታ ውስጥ ለዓይን ብቻ ተብለው የተሠሩ ቤቶችን እየፈለጉ ይመዘግባሉ። ማንም ኖሮበት የማያውቅ ግንብ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ፣ ከጀርባው ቤት የሌለው የቤት ፊት። መጀመሪያ ሥራ የፈቱ ሰዎች መስለውኝ ነበር። ነገር ግን እኔም ከሱቄ ወደ ቤቴ ስሄድ በየቀኑ የማልፈው የድንጋይ በር አለ። ቅስት አለው፣ ግራና ቀኙ ተጠርቦ የተሠራ ነው፣ አጥር ግን የለውም። አጥሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ከበሩ ወዲያ ድንች ተተክሏል። የድንቹ ባለቤት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ማሳቸው ከየትም በኩል ክፍት ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ በበሩ ገብተው በበሩ ይወጣሉ።

አንድ ቀን «እማማ፣ በጎን በኩል ለምን አይገቡም? ይቀርብዎት ነበር» አልኳቸው።

«ሌባ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

ያንን በር ለካሁትና ካርታው ላይ አስገባሁት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉትን መፈለግ ሥራዬ ሆነ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያሉ የደወል ቤቶች፣ ሰው ከፀሐይ የሚጠለልባቸው ደጀ ሰላሞች፣ በጓሮ ውስጥ ብቻቸውን የቆሙ ሰገነቶች፣ ቤቱ ፈርሶ የቀሩ ደረጃዎች። ለያንዳንዱ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ የበሩን አቅጣጫ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እጽፋለሁ። የሜትሬ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ስለላላች ከዜሮ አልጀምርም፤ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ጀምሬ መጨረሻ ላይ አሥሩን እቀንሳለሁ። ደንቤ አንድ ነበር። በእግሬ ሄጄ ያላየሁትን አላስገባም።

ይህን ደንብ ያፈረስኩት በክረምት ነው።

ዝናቡ ከበረታ መንቀሳቀስ አይመችም፤ ሱቁም ሰው አይበዛበትም። ላፕቶፑን ከፍቼ ከወንበሬ ሳልነሳ ወደ ሞጣ ሄድኩ። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከሰማይ ሲታይ አይጠፋም። ሌላው ሁሉ ታርሶ ጫካ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ካየህ መካከሉን ታቀርበዋለህ፤ ክብ የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። ቀጥሎ ከእሱ በስተምሥራቅ አንዲት ትንሽ ጣሪያ ትፈልጋለህ። እሷ ቤተልሔም ናት፤ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት። ዛፉ፣ ክቡና በምሥራቅ ያለችው ትንሿ ጣሪያ ከተገኙ ጥርጥር የለም። በዚህ መንገድ ቢቸና ዙሪያ ዘጠኝ ቦታ ገምቼ፣ ኋላ በእግሬ ሄጄ ሳያቸው ዘጠኙም ልክ ነበሩ። ያሳሳተኝ እሱ ነው። አንድ ሁለቱን ስቼ ቢሆን ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።

ሞጣ ከተማ ዳርና ከዚያ ወጣ ብሎ አሥራ አራት አገኘሁ። ከአሥራ አራቱ አንዱ አነስ ያለ ነበር። ጥዶቹ ግን በትክክል ከበውታል፣ ጣሪያው ክብ ነው፣ ትንሿ ጣሪያም በምሥራቅ አለች። «ቤተ ክርስቲያን፣ ስሙ ያልተጣራ» ብዬ ጻፍኩ። በትንሿ ላይ «ቤተልሔም» ብዬ ጻፍኩ። አስቀመጥኩትና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በካርታው በኩል መልእክት ደረሰኝ። ካርታው ምን ነገር ማን እንዳስገባ ይመዘግባል፤ ለዚያ ሰው መጻፍም ይቻላል። መልእክቱ የስልክ ቁጥርና «እባክህ ደውል» የሚል ብቻ ነበር። ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች።

«ቤተ ክርስቲያን የተከልከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«የት?»

«እኛ ጓሮ። ሞጣ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የምትስቅም ትመስል ነበር። ሞጣ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አባቷ ሐጂ ናቸው፤ የአባታቸው የአያታቸው ሥራ ንግድ ነው። በጥር ወር ጃንጥላ የያዙ ሁለት እንግዳ ሴቶች ስልካቸውን እያዩ መጥተው፣ በሐጂ በር ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳልመው ነበር። ሐጂ ውኃ አጠጥተው ወደ ትክክለኛው ቤተ ክርስቲያን መሯቸው።

«እስከዚያ ድረስ ሳቅን» አለች። «አሁን ግን አባባ ይዞታ ማረጋገጫ ሊያወጣ ሲል ተያዘበት። ቀያሹ ካርታ አትሞ ፋይሉ ውስጥ ከቶታል። ካርታው ቤተ ክርስቲያን አለ ይላል። አባባ ደግሞ ሰማንያ አልፎታል። ወረቀቱ በስሙ ሳይወጣ አንድ ነገር ቢሆን እኛ ልጆቹ በምን እናስረዳለን?»

በዚያው ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። በሚኒባስ በጉንደ ወይን በኩል ነው። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነበር፤ ምናልባት በእርግጥም ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ይሆናል እያልኩ። ለሐጂ የሚያስፈራው ይህ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። እኔ ልክ ሆኜ መገኘት ፈልጌ ነበር።

ሐጂ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይኼ ነው? እኔ ጢም ያለው ሰው ነበር የጠበቅኩት።» ከዚያ ለእኔ፣ «ና፣ ግባ። ደብርህን እይ።»

ጥዶቹን የተከሉት አባታቸው ናቸው። ክቡን ቤትም ያሠሩት እኚሁ አባታቸው ናቸው። በቅሎ ጭነው ሲነግዱ ብዙ አገር አይተዋል፤ አንድ ቦታ ዛፍ መካከል ክብ ቤት አይተው ወደዱት። ሲመለሱ ድንጋይ ጠራቢ ፈልጉልኝ አሉ። በዚያ ዘመን ድንጋይ አሳምሮ የሚሠራ የተባለው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የኖረ ነበር። ክብ ቤት ሥራልኝ ሲሉት እሱ የሚያውቀውን ክብ ቤት ሠራ። ዙሪያውን ሦስት ደረጃ አለው፤ ከደረጃው በላይ በስምንት ዓምዶች የተያዘ በረንዳ አለው፤ ጣሪያው ሾጣጣ ነው። ሲጨርስ ጉልላቱ ላይ ምን ልስቀል ብሎ ጠየቀ። የሐጂ አባት ትንሽ አሰቡና ከቤት አንድ አሮጌ ብራድ አመጡለት። እስከ ዛሬ ሻይ የማይቀዳበት ብራድ ጣሪያው ጫፍ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። ይህ ከሳተላይት አይታይም።

«ምን ይሠራበታል?» አልኳቸው።

«መቀመጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትፈልጋለህ? አባቴ ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ንግድ ያለበት ሰው እዚህ አይገባም። ከገባም ስለ ንግድ አያወራም።»

ቤተልሔም ያልኳትን ትንሽ ጣሪያ ሄጄ አየኋት። የበግ ጋጣ ናት።

እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጬ በስልኬ ካርታውን ከፈትኩና ሁለቱንም ጽሑፍ አጠፋሁ። ለሐጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ከዚህ ጠፋ። ከፋይሉስ?»

ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ከልጃቸው ጋር ሄድን። ቀያሹን ሁሉም ኢንጂነር ነው የሚለው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ፋይሉን አውጥቶ የታተመውን ገጽ አሳየን። የራሴ ጽሑፍ ነበር፤ «ስሙ ያልተጣራ» የሚለውም ሳይቀር። ከላዩ ገጽ ቁጥር ተጽፎበት ማህተም አርፎበታል። የከተማው ፕላን እስከዚያ ድረስ ስለማይደርስ፣ ለዳር ሰፈሮች ከኢንተርኔት ያለውን ካርታ መነሻ አድርጎ መጠቀሙን ነገረን። ስህተት አልሠራም። ያገኘውን ትክክል ነው ብሎ ወሰደው እንጂ።

«ማን ነው ይህን ያስገባው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«የየት መሥሪያ ቤት ነህ?»

«የየትም አይደለሁም። ስልክ ነው የምጠግነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።»

«እሺ። አሁን ምን ትላለህ?»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አርሜዋለሁ፤ ይኸው ይመልከቱት።» ስልኬን ዘረጋሁለት።

አላየውም። «ወንድሜ፣ አምና አለ አልክ፤ ዛሬ የለም አልክ። ከሁለቱ የትኛውን ልመን? የሐጂን ይዞታ ባንተ ስልክ ከከለከልኩ፣ ነገ ባንተ ስልክ ልስጥ?»

ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ስሳሳት ማን ነህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሳስተካክል ግን ማን እንደሆንኩ ተፈለገ። ትክክል ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ግን መጀመሪያ ነበር፤ ጠያቂውም እኔው ራሴ።

አስተማሪዋ ግን አልለቀቀችውም። «እና ምን እናምጣልህ፣ ኢንጂነር? የሌለ ነገር እንደሌለ የሚያስረዳ ወረቀት ከየት ይመጣል?»

ሳቀ። ቆይቶ እንዲህ አለ፤ በአቅራቢያው ካለው ደብር የሚታወቅ አባት ይምጡ፣ ቦታውን በዓይናቸው አይተው የኛ አይደለም ብለው ይፈርሙ። እኔም ያደረግኩትን ጽፌ ልፈርም። እሱም ራሱ መጥቶ ይለካል። ነገ ጠዋት።

ተመልሰን ይህን ስንነግራቸው ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ወዲያው ወጡ። የደብሩ ቄስ ጎረቤታቸውና እኩያቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ መምሬ ነው የሚላቸው።

በማግስቱ ከሦስት ሰዓት በፊት ሁላችንም ጥዶቹ ሥር ነበርን። መምሬ ገና ከሩቅ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

«አንተ ሐጂ! ቤተ ክርስቲያን ተክለህ እኔን ሳትጠራኝ? ቄሰ ገበዝ ማንን ሾምክ?»

«አንተን ልሾም ነበር። ሻይ አይወድም ብለው ከለከሉኝ።»

«ማን ነው አልወድም ያለ? ዛሬ ሳልጠጣ አልፈርምም።»

ከዚያ ግን ቀልዱን ትተው በቁም ነገር ዞሩ። ሦስቱን ደረጃ ወጡ፣ በረንዳውን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞሩት፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ። ቀያሹ ወረቀቱን ይዞ ይከተላቸዋል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ሐጂ ዓምዱን ተደግፈው ቆመው ነበር። መምሬ ሳይጠራጠሩ አልቀሩም ብዬ ፈራሁ፤ ሐጂም የፈሩ መሰለኝ። ድንጋዩ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ነው። የጠራቢውን እጅ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

«ጠራቢው የኛው ነው» አሉ መምሬ። «የኛም ግድግዳ ላይ ይኸው አሠራር አለ።» ቀያሹ ብዕሩን አቆመ። «ሥራው ግን ሌላ ነው። በሩን እይ ልጄ። አንድ ነው። የኛ ሦስት ነው፤ የወንዶቹ፣ የሴቶቹ፣ የካህናቱ። ይኼ የሴቶች በሩ የት አለ?»

«ሴቶቹም በዚሁ ነው የሚገቡት፤ ሻይ የሚያመጡልኝ እነሱ አይደሉ እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አባባ፣ ሻይ ካመጣሁልህ ዓመት አልፎኛል» አለች ልጃቸው። «ራስህ ነህ የምትቀዳው።»

መምሬ ወደ ውስጥ ገቡ። ውስጡ አንድ ክፍል ነው፣ ዙሪያውን የድንጋይ መደብ ብቻ አለው። «መቅደስ የለም። መቅደስ የነበረበትም አይደለም፤ ቢኖር መሠረቱ ይታይ ነበር። ወለሉ አንድ ጊዜ የተነጠፈ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ጭቃውን ካቦኩት አንዱ አባቴ ነው። ጻፍ።» ከዚያ ወደ ጋጣው አዩ። «ቤተልሔም ያልከው ይኼን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በጎቹስ እንኳ አሉበት» አሉና ሳቁ። ቀያሹም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ለካን። ቀያሹ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእኔ ሜትር ስድስት ሜትር ከአርባ ሁለት። የእሱ ሜትር አርባ አምስት ነው ያለው፤ ጫፉ ላይ የላላችውን ብረት አሳየሁትና ደግመን ከአሥር ጀምረን ለካን። አርባ ሁለት ሆነ። በእርሳስ የጻፈውን አጠፋና አስተካከለው። ቀጥሎ ቅጹን ወደ መሙላት ሄደ።

«የሕንፃው አገልግሎት? መኖሪያ ነው?»

«አይታደርበትም» አሉ ሐጂ።

«ንግድ?»

«አባቴ ንግድን የሚሸሽበት ነበር።»

«አምልኮ አይደለም። እንግዲህ ሌላ ነው የሚለው ላይ ምልክት ላድርግ። ሌላ ካልኩ ግን ምን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ።»

ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ቃል ስፈልግ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ግን መናገር የእኔ ተራ አልነበረም። በመጨረሻ መምሬ «ማረፊያ በል» አሉ። ሐጂ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማረፊያ» ተብሎ ተጻፈ።

መምሬ ፈረሙ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። የታተመው ገጽ የፋይሉ ቁጥር ስላለበት ተገንጥሎ አይወጣም። ስለዚህ ቀያሹ በገጹ ላይ እንድጽፍ አደረገኝ፤ ቦታውን በአካል ሄጄ ሳላይ ከሳተላይት ምስል ገምቼ እንዳስገባሁና ግምቴ የተሳሳተ እንደነበረ። ስሜን ከነአያቴ፣ የመታወቂያ ቁጥሬን፣ አድራሻዬን ጻፍኩ። ካርታ ላይ ብዙ ነገር አስገብቻለሁ። ሙሉ ስሜን ጽፌ ስፈርም ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ቀስ ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ መምሬ «ረጋ ብሎ ይጽፋል፣ ጥሩ ነው» አሉ።

ሻዩ ሲመጣ ሐጂን ጠየቅኳቸው። የተሳሳተው ጠፍቷል፤ ቤቱን ግን በትክክል፣ ማረፊያ ተብሎ፣ ከነልኩ ካርታው ላይ ላስገባው? አልኩ። እስከዚያ ቀን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ቤት ነበር። ሌሎቹ የፈረሱ ወይም የተረሱ ናቸው። ይኼ ሙሉ ነው፣ ታሪኩ ይታወቃል፣ ባለቤቱም እስከ ዛሬ ይቀመጥበታል።

«መጀመሪያ ወረቀቴ ይምጣ» አሉኝ።

ሳላይ ያስገባኋቸውን የቀሩትን አሥራ ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ቢቸና እንደተመለስኩ ከካርታው አወጣኋቸው። በበጋው አንድ በአንድ በእግሬ ሄጄ አይቼ መለስኳቸው። አሥራ ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ያም ሆኖ አንዱንም ከወንበሬ ሆኜ መመለስ አልቻልኩም።

ከጥምቀት በኋላ የሐጂ ልጅ ደወለች። ይዞታ ማረጋገጫው ወጥቷል። በስማቸው ነው፤ ዳር ድንበሩ ተስሏል፤ ጥዶቹ ያሉበት ሁሉ ውስጥ ገብቷል። ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰኝ» አሉ ሐጂ። «አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። ካርታው ላይ አታድርገው።»

«ትክክለኛውን ነው የማስገባው፣ ሐጂ። ከእንግዲህ ሰው አይሳሳትም።»

«ገብቶኛል። አንተ ትክክለኛውን ታስገባለህ። አንዱ ደግሞ ምልክት አይቶ ሊያየው ይመጣል፤ ሌላው መጥቶ መስጊድ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አይደለም ይላል። አባቴ ያን ቤት የሠራው ሰው እንዳይመጣበት ነው። ወረቀቱ ላይ መሬቱ የኔ መሆኑ ተጽፏል፤ እሱ ይበቃኛል። እዚያ ካርታህ ላይ ዛፍ ይሁን።»

«ዛፉን ላስገባ?»

«ዛፉን አስገባ። ዛፉ እውነት ነው።»

የዛፎቹን ዳር አንድ በአንድ ተከትዬ ሳልኩ። ጣሪያው በሳተላይት ምስሉ ላይ እስከ ዛሬ ያበራል፤ የሚፈልግ ያየዋል። ካርታው ግን እዚያ ቦታ ላይ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ እዚህም በየትኛው ሰፈር እንደሆነ አልጻፍኩም። የቤቱ ልክ ሁሉ፣ የደረጃው ከፍታ፣ የዓምዶቹ ውፍረት፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የተጻፈበት ወረቀት ሱቄ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሐጂ እሱን እንዳጠፋ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።